ሰር ዳርሲ ቶምፕሰንና በሕያዋን ቅርጽ ላይ ያለው የኃይል አሻራ

አንድ ሕዋስ ሲጎተት ወይም ሲጨመቅ በውስጡ ያሉት የፕሮቲን ክሮች አሰላለፋቸውን እንደሚለውጡ፣ ታጥፈው ይኖሩ ከነበሩት ፕሮቲኖችም አንዳንዶቹ ተዘርግተው አዲስ ተግባር እንደሚጀምሩ ዛሬ በሕክምናና በሥነ ሕይወት ትምህርት ቤቶች ይነገራል። ይህ ዕውቀት በአመዛኙ ከ1980 ወዲህ የተገኘ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው ግን መልሱን በብዙ ዓመታት ይቀድመዋል። ይህን ጥያቄ አንሥቶ አብዛኛውን ዕድሜውን የሞገተለት ሰው ስኮትላንዳዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ዳርሲ ዌንትወርዝ ቶምፕሰን ነው። በዘመኑ ብዙ ተከታይ አላገኘም፤ ከሰጠው መልስም ከፊሉ ስሕተት ነበር። ታሪኩ ለሙያ ባልደረቦች ሊነገር የሚገባው በስኬቱም በስሕተቱም ምክንያት ነው።

ቶምፕሰን ሜይ 2 ቀን 1860 በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። እናቱ እሱን ከወለደች በኋላ ብዙ ሳትቆይ ስላረፈች፣ ያደገው በእናቱ አባት በጆሴፍ ጋምጂ ቤት ነው። አያቱ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከአጎቶቹ አንዱ አርተር ጋምጂ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ምሁር ሲሆን፣ ሌላው ሳምፕሰን ጋምጂ በበርሚንግሃም የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፤ በሻሽ መካከል ጥጥ ተደርጎ የሚሠራውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የቍስል መሸፈኛ የዚህ ሐኪም ፈጠራ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ አጥንትና ጅማት የገበታ ወሬ ቢሆኑለት የሚያስገርም አይደለም። አባቱ በበኩሉ የላቲንና የግሪክ መምህር ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በአየርላንድ በጎልዌይ ከተማ ኮሌጅ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ሆኖ ሄደ። ልጁም የእናቱን ወገን ሙያና የአባቱን ቋንቋ ሁለቱንም ወረሰ፤ እስኪሞት ድረስም ከሁለቱ አንዱን አልተወም።

በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ሕክምና ከተማረ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ተሻግሮ በትሪኒቲ ኮሌጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ ኸርማን ሙለር ስለ አበቦች መዳቀል በጀርመንኛ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። መጽሐፉ በ1883 ሲታተም መቅድሙን የጻፈለት ቻርልስ ዳርዊን ነበር፤ ዳርዊን ግን መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት በ1882 ዐርፏል። በዚያ ዘመን ለአንድ ወጣት የሥነ ሕይወት ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምስክር ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። ይህ ወጣት ኋላ ከዳርዊን ተከታዮች ጋር የሚሟገት ሰው ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

በ1884፣ በ24 ዓመቱ፣ በዳንዲ ከተማ አዲስ በተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር ሆነ። ዳንዲ የጁት ፋብሪካና የዓሣ ነባሪ አዳኞች ከተማ ነበረች። ከሰሜን ዋልታ ባሕር የሚመለሱት መርከበኞች እንግዳ አውሬ ሲያገኙ ለወጣቱ ፕሮፌሰር ያመጡለት ስለ ነበር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገሩ ከታወቁት የእንስሳት ቤተ መዘክሮች አንዱን ለማቋቋም ቻለ። ከተማዪቱ በሌላም ነገር ትታወቅ ነበር። በ1879 ታኅሣሥ ሌሊት በቴይ ወንዝ ላይ የተሠራው የባቡር ድልድይ በማዕበል ተሰብሮ ባቡሩን ከነመንገደኞቹ ውኃ ውስጥ ከትቶት ነበር፤ ቶምፕሰን ወደ ከተማዪቱ ሲገባ አዲሱ ድልድይ ገና በመሠራት ላይ ነበር። ከዚያም በ1890 ከዳንዲ በስተ ደቡብ ታላቁ የፎርዝ ድልድይ ተመረቀ። አንድ ድልድይ የቱ ክፍሉ እንደሚጎተት፣ የቱ እንደሚጨመቅ ካልታሰበ እንደማይቆም በዚያ አካባቢ የማያውቅ አልነበረም። ቶምፕሰን ኋላ የባለ አራት እግር እንስሳን አጽም ሲገልጥ በፎርዝ ድልድይ መስሎ ማስረዳቱ በዚያ ለኖረ ሰው እንግዳ ምሳሌ አይደለም።

በዳንዲ 33 ዓመት ኖረ። በእነዚህ ዓመታት የተሠራው ሥራ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በ1895 ስለ ጥንት ግሪኮች የወፍ ስሞች መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ1896ና በ1897 በብሪታንያና በአሜሪካ መካከል ስለ ጠጉራም የባሕር እንስሳት አደን በተነሣው ክርክር በመንግሥት ተልኮ ወደ ቤሪንግ ባሕር ሄደ፤ በ1901 አገባ፣ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለደ፤ በ1910 የአሪስጣጣሊስን የእንስሳት ታሪክ ከግሪክኛ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመ። በሥነ እንስሳት ሙያው ግን ባልደረቦቹ ይጠብቁት የነበረው ትልቅ ሥራ ሳይታይ ቀረ። ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለመዛወር ያደረገው ሙከራም ደጋግሞ ከሸፈ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዕድሜ ተስፋውን በቆረጠ ነበር።

የዘገየበት ምክንያት በውስጡ የሚብላላ ጥርጥር ነበር። በዘመኑ የነበሩት የሥነ እንስሳት ምሁራን ስለ አንድ ቅርጽ ሲጠየቁ መልሳቸው የዘር ሐረግ ነበር፤ አጥንቱ እንዲህ የሆነው ከእንዲህ ያለ ቅድመ አያት ስለ ተወረሰና ስለ ጠቀመ ነው ይሉ ነበር። ቶምፕሰን ዝግመተ ለውጥን አልካደም። ነገር ግን ታሪክን መናገር ምክንያትን መናገር እንዳልሆነ ያምን ነበር። አንድ ነገር ቅርጽ የሚይዘው ኃይል ሲያርፍበት ነው፤ ስለዚህ በሕያው ነገር ላይ የትኛው ኃይል በየት በኩል እንዳረፈ ሳይመረመር ቅርጹ ተረዳ ሊባል አይገባም የሚል ነበር አቋሙ። በ1894 በኦክስፎርድ በተደረገ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ጥርጥሩን በይፋ ገለጠ። በ1908 ደግሞ የወፍ ዕንቍላል አንደኛው ጫፍ ሾጠጥ የሚለው በእንቍላል መውረጃው ቱቦ ጭመቃ እንደ ሆነ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለመጪው ሥራ መነሻ ሆኗል።

የዕድሜው ታላቅ ሥራ የሆነው ስለ ዕድገትና ስለ ቅርጽ የተሰኘው መጽሐፍ በ1917 በጦርነቱ መካከል ወጣ። 793 ገጽ ነበረው፤ የታተመውም 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ደራሲው 57 ዓመት ሞልቶት ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የቀንድና የቀንድ አውጣ ጥምዝ፣ የማር እንጀራ፣ በውኃ ውስጥ ወርዶ ጄሊፊሽ የሚመስለው የቀለም ጠብታ፣ የዓሣ ሥዕል በተዛባ መስመር ላይ ሲቀመጥ ሌላ ዓሣ መሆኑ፣ ሁሉም በሒሳብ ይተነተናሉ። አንባቢ ይበልጥ የሚያስታውሰው የዓሦቹን ሥዕል ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚያስፈልጉት ስለ ሕዋስና ስለ አጥንት የተጻፉት ምዕራፎች ናቸው።

ስለ ሕዋስ ሲጽፍ ቶምፕሰን የተነሣው ከመጠን ነው። እንደ ዝሆን ባለ ግዙፍ አካል ላይ የመሬት ስበት ጌታ ነው፤ በዓይን በማይታይ ሕዋስ ላይ ግን የስበት ሥልጣን ተዳክሞ የፈሳሽ ገጽ ውጥረት ይሠለጥናል። ጠብታ ክብ የሚሆነው ገጹ ራሱን ለማሳነስ ስለሚሰበሰብ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሕዋስም ብዙ ጊዜ ክብ ነው። ቤልጅጋዊው ዓይነ ስውር ሊቅ ዦዜፍ ፕላቶ በሳሙና አረፋ ላይ ባደረገው ምርምር ሦስት ስስ ግድግዳዎች ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ቶምፕሰን ይህንኑ ሕግ ወስዶ በሚከፋፈል ዕንቍላልና በተክል ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ፈለገው፤ በብዙ ቦታም አገኘው። ሕዋስ ሲከፈል በመካከሉ የሚታየውን እንዝርት መሰል ቅርጽ ደግሞ በማግኔት ሁለት ጫፎች መካከል በሚሰለፍ የብረት ብናኝ መሰለው። የታዩት ክሮች እውነተኛ ክሮች ከመሆናቸው ይልቅ የኃይል መስመሮች ሥዕል ናቸው ወደ ማለት አዘነበለ።

ስለ አጥንት በጻፈው ምዕራፍ የዙሪኩን ታሪክ አንሥቷል። በ1866 ገደማ መሐንዲሱ ካርል ኩልማን ወደ አናቶሚው መምህር ወደ ኸርማን ፎን ማየር ክፍል ገብቶ ለሁለት የተሰነጠቀ የጭን አጥንት ራስ አየ። በውስጡ ያሉት ስስ የአጥንት ክሮች አሰላለፍ እሱ ለክሬን ከሚሥለው የጉተታና የጭመቃ መስመር ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ጀርመናዊው የአጥንት ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ ይህን ይዞ አጥንት እንደሚሸከመው ኃይል ውስጡን እንደሚያድስ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ደነገገ። ቶምፕሰን ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ጭነት አጥንትን ብቻ ሳይሆን ጅማትንና የተክልን ግንድም እንደሚያጠነክር ምሳሌ እያመጣ፣ መጎተትና መጨመቅ ራሳቸው ዕድገትን የሚቀሰቅሱ ናቸው አለ። የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኃይል ሕያውን ነገር ከመቅረጹ ባሻገር ሕያው ነገር ለኃይል ምላሽ ይሰጣል ማለት ነውና።

ጉድለቱም እዚሁ ላይ ይታያል። ምላሽ የሚሰጥ ነገር ካለ ጉተታውን የሚሰማው አካል ሊኖር ይገባል፤ ቶምፕሰን ይህን አካል አልፈለገውም። ለእሱ ሕዋስ በስስ ሽፋን የተያዘ ፈሳሽ ነበር፤ ፈሳሽ ደግሞ ይቀረጻል እንጂ አያስታውስም፣ አይመልስም። ለኬሚስትሪ ብዙ ፍቅር አልነበረውም፤ በዘመኑ በፍጥነት ያድግ የነበረውን የዘር ጥናትም በመጽሐፉ ውስጥ አልፎት ሄዷል ለማለት ይቻላል። አንድ ሰው ለአንድ ሐሳብ ሲማረክ በሌላው ዓይኑ እንዳያይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በቶምፕሰን ላይ ግን ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ የፈለገው መልስ የሚገኘው ባልወደደው ኬሚስትሪ ውስጥ ነበርና።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ወደ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ እስኪሞትም በዚያ አስተማረ። በሁለቱ ከተሞች በፕሮፌሰርነት የቆየበት ዘመን ሲደመር 64 ዓመት ይሆናል። ረዥም፣ ጺሙ የወረደ፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚደፋ ሰው ነበር፤ በከተማዪቱ ጎዳና በቀቀን በትከሻው ላይ አስቀምጦ ሲሄድ ያዩት ሰዎች ለልጆቻቸው ይነግሩ ነበር። በ1937 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው።

ዓለም ግን በዚያን ጊዜ ወደ ሕዋስ ውስጥ በመግባት ላይ ነበረች። በ1932 ኬኔት ኮል የባሕር ጃርት ዕንቍላልን በቀጭን የወርቅ ሰሌዳ እየጨመቀ የገጹን ውጥረት ለካ። ያገኘው ውጥረት ከተራ ዘይት ጠብታ ውጥረት እጅግ ያነሰ ነበር፤ ደግሞም ገጹ በተዘረጋ ቍጥር ይጨምር ነበር። የፈሳሽ ገጽ ይህን አያደርግም፤ የሚለጠጥ ቆዳ ግን ያደርጋል። በ1942 ቶምፕሰን መጽሐፉን ወደ 1116 ገጽ አስፍቶ በሁለተኛ ጊዜ አሳተመ። በዚያው ዓመት፣ ጦርነት አውሮፓን ሲያቃጥል፣ በሃንጋሪ በሴገድ ከተማ በአልበርት ሴንት ጆርጂ የምርምር ክፍል ብሩኖ ሽትራውብ የተባለው ወጣት ከጡንቻ ውስጥ አክቲን የተሰኘውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርሳቸው አልተያዩም። የስኮትላንዱ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ የጎደለው ክር በጦር ሜዳ ማዶ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በ1947 መባቻ ቶምፕሰን በ86 ዓመቱ በዴልሂ ለተደረገው የሳይንስ ጉባኤ ወደ ሕንድ ተጓዘ። ከዚያ ከተመለሰ በኋላ ጤንነቱ አልተመለሰለትም፤ ጁን 21 ቀን 1948 በሴንት አንድሩስ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ የሆነው ነገር የሥራው ፍርድ ነው። አንደኛው ፍርድ በእሱ ላይ ወደቀ። በ1953 ሺንያ ኢኑዌ በሕይወት ያለ ሕዋስ ሲከፈል በተለየ ብርሃን ተመልክቶ የእንዝርቱ ክሮች በእርግጥ ክሮች እንደ ሆኑ አረጋገጠ፤ በ1963 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማይክሮቲዩቡል የተባሉት ስስ ቱቦዎች በግልጽ ታዩ፤ የተሠሩበትም ፕሮቲን በ1968 ቲዩቡሊን ተብሎ ተሰየመ። የኃይል መስመር ሥዕል ናቸው የተባሉት ነገሮች ተቈጥረው የሚለኩ አካላት ሆኑ። በ1974 ደግሞ ኤልያስ ላዛሪዲስና ክላውስ ዌበር አክቲን በጡንቻ ብቻ ሳይሆን በተራ ሕዋስ ውስጥም እንደ ተወጠረ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ እንደሚገኝ በሚያበራ ቀለም አሳዩ። ሕዋስ በሽፋን የተያዘ ፈሳሽ ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ አበቃ፤ ሕዋስ አጽም አለው።

ሁለተኛው ፍርድ ግን ለቶምፕሰን የሚመች ነበር። በ1980 አልበርት ሃሪስና ሁለት ባልደረቦቹ ሕዋሳትን በስስ የሲሊኮን ጎማ ላይ አሳደጉ፤ ሕዋሳቱ ሲንቀሳቀሱ ጎማው ከሥራቸው ተሸበሸበ። ሕዋስ ኃይል ይቀበላል ብቻ ሳይሆን ራሱ ይጎትታል ማለት ነው። የሕዋስ አጽም ከድንኳን ጋር ይመሳሰላል። ድንኳን በምሰሶው ብቻ አይቆምም፤ ገመዱ ካልተወጠረና ካስማው መሬት ካልያዘ ይወድቃል። የአክቲን ክሮች ከማዮሲን ጋር ሆነው ይወጠራሉ፤ ማይክሮቲዩቡሎች ጭመቃውን ይሸከማሉ፤ ኢንቴግሪንና ከሱ ጋር የተያያዙት ፕሮቲኖች እንደ ካስማ ከውጭ ጋር ያስሩታል። በ1993 ኒንግ ዋንግና ባልደረቦቹ ጥቃቅን የማግኔት ዶቃዎችን በእነዚህ ካስማዎች ላይ አጣብቀው ሲጠመዝዙ፣ ሕዋሱ በተጎተተ መጠን እየጠነከረ ሄደ። ዶቃው ካስማ ባልሆነ ሌላ ፕሮቲን ላይ ሲጣበቅ ግን ጥንካሬው አልተከተለም።

ካስማው ጉተታውን እንዴት ያውቃል ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ የተገኘው በ2009 ነው። ታሊን የተባለው ፕሮቲን ኢንቴግሪንን ከአክቲን ጋር ያገናኛል፤ በሰላም ጊዜ በጥቅል ታጥፎ ይኖራል። ጥቂት ፒኮኒውተን ብቻ በሆነ ኃይል ሲጎተት ጥቅሉ ይፈታል፤ ተሸፍነው የነበሩት ቦታዎች ይገለጣሉ፤ ቪንኩሊን የተባለው ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ይይዛቸዋል፤ በዚህም ተጨማሪ የአክቲን ክር ታስሮ ካስማው ይጠናከራል። ጉተታው ሲላላ ታሊን ተመልሶ ይታጠፋል። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ኃይል ወደ ኬሚስትሪ ሲለወጥ በዓይን እንደ ማየት ነው። በ2011 ደግሞ የአጽሙ ውጥረት ያፕና ታዝ የተባሉትን ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ አስኳል በማስገባት ዘረ መሎችን እንደሚያሠራ ታወቀ፤ የቶምፕሰን ኃይልና እሱ የዘለለው የዘር ጥናት በዚህ ተገናኙ።

ለሐኪም ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። ለወራት አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ አጥንቱ የሚሳሳው፣ በሕዋ ክብደት የለሽ ሆኖ የቆየ ተጓዥም እንዲሁ የሚሆነው፣ በአጥንቱ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት የለመዱትን ጭነት ስላጡ ነው። ሩሲያዊው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተቈረጠ አጥንትን በብረት ቀለበት አስሮ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ቀስ እያለ በመሳብ በክፍተቱ አዲስ አጥንት እንዲበቅል አደረገ። ፍጥነቱ ከበዛ ሕብረ ሕዋሱ ይበጠሳል፤ ከዘገየ አጥንቱ ያለ ጊዜው ይገጥማል። ልኩ የተገኘው በሥራ ልምድ ሲሆን፣ ሞለኪውላዊ ምክንያቱ መገለጥ የጀመረው ኋላ ነው።

በመጨረሻም ስለ ሳሙና አረፋው። ቶምፕሰን የገጽ ውጥረት ያለው ነገር በእንስሳ ሕዋስ ላይ በአመዛኙ ከሽፋኑ ሥር የተነጠፈው የአክቲንና የማዮሲን መረብ ጉተታ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ስሌቱ እየሠራ የቈየው ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ነው። በ2004 በማርሴይ የፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ሲረዝም በተመራመሩት ሰዎች እንደ ታየው፣ ማዮሲን በሕዋሳቱ መካከል ባሉት ግድግዳዎች ላይ እኩል አይከማችም፤ በአንድ አቅጣጫ ባሉት ላይ ይበዛል፤ እነሱም ያጥራሉ፣ ጎረቤቶቻቸውም ቦታ ይለዋወጣሉ። በ2009 በኒው ዮርክ በተደረገ ሥራ ደግሞ ግድግዳው በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሲሳብ ማዮሲን ወደዚያው ተሰበሰበ፤ ውጥረቱ በሌዘር ሲቈረጥ ማዮሲኑ ቀነሰ። ዛሬ ይህን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በሕያው ፅንስ ውስጥ ያለውን ጉተታ ለመገመት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ሦስት ግድግዳዎች የሚገናኙባቸውን ማዕዘኖች መለካት ነው፤ ማዕዘኑ ከ120 ዲግሪ የራቀበትን መጠን ይዘው የትኛው ግድግዳ ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ተወጠረ ያሰላሉ።